ያልተፈረመ ፍርድ

ዳኛ ዳያኒዲ ፓትናይክ ከምሳ በፊት ፍርዱን በችሎት አነበቡ፤ ከምሳ በኋላ በገዛ ካባቸው ታፍነው ቢሯቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። የተተየበው ፍርድ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ፊርማ ግን የለበትም።

ኢንስፔክተር ባሳንቲ ጄና ሬሳውን አይታ ምንም አልተሰማትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልቧ ደንዝዟል፤ የሚሠራው ዓይኗ ብቻ ነው። ከጠረጴዛው እስከ በሩ የተዘረጋውን፣ በተደፋ ሻይ የታተመ የጫማ ዱካ ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና የዳኛውን ጸሐፊ ሳሮጂኒን አስጠራች።

«ፍርዱ ምን ይላል?»

«የኩንታላ ቤሄራ ይግባኝ ነው። ያቺ በር ላይ የተቀመጠችው ዓሣ አጥማጅ። ጎርፍ መንገድ ቆርጦባት ብትዘገይ ‹ቀኑ አልፏል› ተብሎ ተዘጋባት። ክቡር ዳኛው ‹የሥነ ሥርዓት ሕጉ ዝም ባለበት ዳኛ ፍትሕ የመስጠት ሥልጣን አለው› ብለው ከፈቱላት። መንደሯን የሚውጠው፣ ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር እንስሳ የሚረባበት ኩሬም ቁፋሮው እንዲቆም አዘዙ።»

«ከዚያስ?»

«ተይቤ ጠረጴዛቸው ላይ አኑሬ ወጣሁ። ከምሳ በኋላ ሊፈርሙ ነበር።»

በትር ይዞ ከዳኛው ፊት ፊት የሚሄደው የችሎቱ አገልጋይ፣ ሽማግሌው ባንሲዳር ቀጠለ። «እኔ ሻያቸውን ሰጥቼ ወጣሁ፣ እመቤቴ። ልገድላቸው ብፈልግ እስከ ዛሬ ምን አስጠበቀኝ?»

የኩሬው ባለቤት ጠበቃ ኡማካንታ ራት ግን ፈገግ አለ። «እኔ በሩንም አላለፍኩ። ሌላው ተከራካሪ በሌለበት ዳኛ ማነጋገር ነውር ነው።»

ባሳንቲ ሁሉንም ዱካው ዙሪያ አቆመቻቸው፤ ኩንታላም ገባች።

«ሻዩ የተደፋው በትግሉ ነው። ስለዚህ የረገጠው ሰው ገድሎ የወጣው ነው። ግን የጫማው ጫፍ ወዴት ያያል?»

«ወደ ጠረጴዛው» አለ ባንሲዳር ግራ ገብቶት።

«አዎ፤ ሰውየው ወደ ኋላ እየሄደ ነው የወጣው። አባባ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ከፊታቸው ስትሄድ ጀርባህን ሰጥተሃቸው ኖረሃል። ሳሮጂኒም ወረቀቷን ታቅፋ ዞራ ነው የምትወጣው፤ ቅድም አይቻታለሁ። ለዳኛ እጅ ነስቶ፣ ጀርባውን ሳያሳይ የሚያፈገፍግ የድሮ ጠበቃ ነው። ልማድ ሆኖብዎት ነው፣ ጌታው፤ ገድለዋቸው እንኳ አከበሯቸው። እስቲ ጫማዎን ያንሱ።»

ሶሉ ላይ ጣፋጩ የወተት ሻይ ደርቆ ተጣብቋል።

ኡማካንታ እግሩን አወረደና ሳቀ። «የኩሬው እኩሌታ የእኔ ነው። እሰሩኝ። ያልተፈረመ ፍርድ ግን ፍርድ አይደለም። ሌላ ዳኛ እንደ አዲስ እስኪሰማው ኩሬው ተቆፍሮ ያልቃል።»

ባሳንቲ ወደ ሳሮጂኒ ዞረች። ሳሮጂኒ አንገቷን ደፋች። «እውነቱን ነው።»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ፣ ልጄ» አለች ኩንታላ። «ሁሉም ሰምቷል። ታዲያ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ ማለት ነው?»

ባሳንቲ ማልቀስ ፈለገች፤ እንባ አልመጣላትም።

ኩንታላ ነጠላዋን አጠበቀች። «እሺ። አሁን ለሌላው ዳኛ የት ነው የምሰለፈው?»