የመነጽር ሠሪው የመጨረሻ ጠረጴዛ

ሰኞ ጠዋት መርማሪዋ ተጠርታ ስትመጣ መነጽር ሠሪውን በሱቁ የኋላ ክፍል፣ ከብረት ደረጃው ግርጌ በጎኑ ወድቆ አገኘችው። ጭንቅላቱ የመነጽር መስታወት መሳያው ማሽን እግር ላይ አርፏል። ሱቁን ሊከፍት የመጣው ሸሪኩ ነበር መጀመሪያ ያየው፤ አሁን ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ፣ ፍሬሞች ከተደረደሩበት መደርደሪያ አጠገብ ተቀምጦ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል።

ሟቹን ሠፈሩ «ቀስ ይበሉ» ይለው ነበር። አዲስ መነጽር ላደረገ ሰው ሁሉ «ቀስ ይበሉ፣ ዓይንዎ ይለምደዋል» ማለት ስለሚወድ ነው። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ የሁለት ልጆች አባት ነበር።

መርማሪዋ ደረጃውን ወጣች። ከላይ ያለው ቆጥ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ ኮምፒውተር ብቻ ይይዛል። አብሯት የመጣው ወጣት ፖሊስ ማውሱን ነካ ሲያደርገው ስክሪኑ በራ። በኢንተርኔት የሚቆመርበት የፖከር ካርታ መጫወቻ ነው። አራት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ተከፍተዋል፣ ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ደቃቅ ነው። ጥግ ላይ የቀረው ገንዘብ ተጽፏል፤ ባዶ።

«ግልጽ ነው» አለ ፖሊሱ። «ተበላ፣ ተስፋ ቆረጠ፣ ራሱን ወረወረ።»

መርማሪዋ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። ዓይኗን እያጠበበች ያንን ደቃቅ ጽሑፍ ለማንበብ ስትታገል ቆየች።

እስከ ከሰዓት ድረስ ወሬው ሠፈሩን አዳርሶ ነበር። ቁማርተኛው ራሱን ገደለ ተባለ። የሟቹ ዘመዶች ደግሞ ጥፋቱን ወደ ሚስቱ አዞሩት፤ በጭቅጭቅ ያስመረረችው እሷ ናት አሉ። ባሏ ወደ ሱቁ በሄደበት በእሑድ ከሰዓት ከልጆቿ በቀር ያያት ሰው አለመኖሩንም አንስተው ይንሾካሾኩ ጀመር። ሚስቲቱ ይህን ሁሉ እየሰማች መርማሪዋን በሯ ላይ ተቀበለቻት። እሷም ወፍራም መነጽር አድርጋለች። ከሟቹ ጋር የተዋወቁት መነጽር ልታሠራ ሄዳ እንደሆነ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ሌሊቱን ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር አልፈለጉትም?» አለቻት መርማሪዋ።

እሑድ እሑድ ማታ እናቱ ዘንድ ነው የሚያድረው አለች። እናትየው ከታመሙ ወዲህ እሱና ታናሽ ወንድሙ ሌሊቱን ተከፋፍለው ይጠብቋቸዋል። ስለዚህ እሷ እዚያ ነው ብላ ተኛች። እናትየው ደግሞ በዚያ ምሽት ታናሽየው መጥቶ «ተራ ተለዋውጠናል» ስላላቸው አልጠየቁም። በሁለቱ መሃል ሰውየው ብቻውን ቀረ።

ስለ ጨዋታው ስትጠየቅ ግን ሴትዮዋ አንገቷን ቀና አደረገች። ጨዋታውን ወደ ቤታቸው ያመጣው ታናሽየው ነው። ባሏ ገና ሳይገባው ዘሎ ገባና በመጀመሪያዎቹ ወራት የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይቀር አስበላ። ያን ጊዜ ቤቱ ሊፈርስ ነበር። እሱ ግን አልቅሶ ዝም አላለም፤ ገንዘብ የማያስከፍሉ የልምምድ ጠረጴዛዎች ላይ ተቀምጦ እንደ ተማሪ ከፊደል ጀመረ።

«ከዚያ በኋላ የቤት ገንዘብ ሌላ፣ የጨዋታ ገንዘብ ሌላ ሆነ» አለች። «ከጨዋታው ገንዘብም ከሃያ አንዱን ብቻ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻ። ያ ካለቀ በዚያ ቀን ሌላ አይጨምርም፤ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ይወርድና መስታወት ይስላል። ንዴቱ ማሽኑ ላይ ያልቃል ይለኝ ነበር።»

«እርስዎስ ይችሉበታል?»

«አስተምሮኛል። ያስተማረኝ ግን መጣል ነው።»

መርማሪዋ አልገባትም። ሴትዮዋ ተነስታ ስልኳን አመጣችና የልምምድ ጠረጴዛ ከፈተችላት፤ ጽሑፉን አስፍታ አስፍታ ስክሪኑን ሞላችው። ሁለት ካርታ ለእጅ ይሰጣል፣ አምስቱ ደግሞ መሃል ላይ ለሁሉም ይገለጣል አለቻት። ካርታው ደካማ ከሆነ ይጣላል፣ ተራ ይጠበቃል። መርማሪዋ በሐሰተኛው ገንዘብ ጓጉታ ያገኘችውን ሁሉ ስትጫወት ብዙም ሳይቆይ ባዶዋን ቀረች። ሴትዮዋ ግን ጣለች፣ አሁንም ጣለች፣ ሻይ አፈላች፣ ተመልሳ ጣለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ እጅ፣ አንድ ዙር ብቻ ተጫወተች፤ እሱንም አሸነፈች። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ለዓይኑ ነበር» አለች ከውስጥ። «ዓይኑ እየደከመ ነበር። መነጽርም አልረዳው ብሎ ነበር። ፊደሉን የጣት ያህል ካላሳደገ አያነብም ነበር። ከሚያሸንፈው ግማሹን በየወሩ እያወጣ ለሕክምናው ያስቀምጥ ነበር። ለደንበኞች እንዳትነግሪ ብሎኛል፤ የማያይ መነጽር ሠሪ ዘንድ ማን ይመጣል ብሎ።»

መርማሪዋ ያን ጊዜ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ታናሽየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሠፈሩ «ጥድፊያ» ይለዋል። ያገኘችው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ነው። ዓይኑ ከለቅሶ ብዛት አብጧል፤ ያ ለቅሶ የውሸት እንዳልሆነ ማንም ያያል። ጨዋታውን ከተወ ዓመት እንዳለፈው፣ ለወንድሙ ምሎ እንደተወ ነገራት። እሑድ ከሰዓት መኪናውን ሲያጥብ ውሎ በቀጥታ እናቱ ዘንድ እንደሄደም አለ። ጋሼን አላገኘሁትም፣ ተራ የተለዋወጥነው በስልክ ነው አለ።

«ምን የሆነ ይመስልሃል?» አለችው።

«ምን ልበልዎት እሜቴ» አለ መሪውን እያየ። «ሁለት ንጉሥ ይዞ የተበላ ሰው ደረጃም ገደልም አይለይም።»

እሷም በዚያን ሰዓት የቁማርተኛ አነጋገር ነው ብላ አለፈችው።

ጥርጣሬዋ ግን ሸሪኩ ላይ ነበር። ሰውየው ጨዋታውን እንደሚጠላ፣ ሟቹ የሱቁን ገንዘብ ይነካል ብሎ እንደሚሰጋ ሁሉም ያውቃል። ገንዘቡ ሲታይ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። እሑድ ቤቴ ነበርኩ ቢልም የጎረቤት ልብስ ሰፊዋ ከሰዓት በኋላ የሱቁን በር ሲከፍት አይታዋለች። መርማሪዋ ይህን ስትነግረው አልካደም። ወንበሩ ላይ ታጠፈና መናገር ጀመረ።

የረሳው ጃኬት ነበረው። በሩን ከፍቶ ሲገባ ከቆጡ የማውሱን ድምፅ ሰማ። «አለህ ወይ?» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። ድምፁ ግን አላቋረጠም። ሰንበትን እንኳ አይተውም ብሎ ተናደደ፤ ጃኬቱን አንስቶ በሩን ገጭ አድርጎ ወጣ። ከግርግዳው ጀርባ፣ ደረጃው ግርጌ ያለውን አላየም።

«ቅርቡ ነበርኩ» አለ። «ሁለት እርምጃ ብራመድ አየው ነበር።»

መርማሪዋ ትንሽ ፋታ ሰጠችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። የማውሱ ድምፅ እንዴት ነበር? ሰውየው በሀዘኑ መሃል ግራ ገባው፤ ከዚያ በጥፍሩ የወንበሩን እጀታ ይመታ ጀመር። ቶሎ ቶሎ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ ዝናብ።

በማግስቱ የሐኪሙ ቃል ደረሰ፣ ትንሽ ቆይቶም የጨዋታው ድርጅት የላከው መረጃ። ሁለቱን ካየች በኋላ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስቲቱ ከመደርደሪያው ሥር ተቀመጠች፣ ሸሪኩ ከግርግዳው አጠገብ፣ ታናሽየው በሩ ጋ ቆሙ። ወጣቱ ፖሊስ ከኋላው ነበር።

«ራሱን አልገደለም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። ይህን ስትል ሚስቲቱን ነበር የምታየው።

ሐኪሙ ያለውን በቅድሚያ ነገረቻቸው። ሰውየው እንደወደቀ አልሞተም። ደሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲፈስ ከአንድ ሰዓት በላይ በሕይወት ቆይቷል፣ ሲመሽ ነው ያለፈው። ጨዋታውም የቆመው ሲመሽ ነው። እንግዲህ እሱ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ በስሙ የሚጫወት ሌላ ሰው ቆጡ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ሸሪኩ አፉን በእጁ ያዘ።

«እርስዎ የሰሙት ድምፅ የእሱ አልነበረም» አለችው። «እሱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አብዛኛውን ካርታ ይጥላል፤ ማውሱን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። እንደ ዝናብ የሚመታ ሰው ብዙ ጠረጴዛ የከፈተ ሰው ነው። መረጃውም ይህንኑ ያሳያል። ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ትንሽ ገንዘብ፣ ብዙ መጣል። ከዚያ ጨዋታው ለአፍታ ቆመ። ሲቀጥል አራት ጠረጴዛ፣ ያለው ገንዘብ ሁሉ፣ አንድም ካርታ ሳይጣል።»

ሚስቲቱ ዓይኗን ጨፈነች።

መርማሪዋ ቀጠለች። ስክሪኑ ላይ የነበረውን ጽሑፍ ጤነኛ ዓይን ያላት እሷ እንኳ በመከራ ነው ያነበበችው። ለሟቹ የማይቻል ነው። ለሚስቱም እንዲሁ፤ ደግሞ እሷ ስትጫወት አይታታለች፣ እጇ የባሏ እጅ ነው። ሸሪኩ ጨዋታውን አያውቅም፤ ደግሞም እሱ ታች ቆሞ ሲጣራ ላይ ያለው ሰው ይጫወት ነበር። የቀረው ጨዋታውን የሚያውቅ፣ ዓይኑ የሚያይ፣ መጣል የማይችል ሰው ነው።

«እኔ ትቼዋለሁ» አለ ታናሽየው በሹክሹክታ።

«በስልክ ተራ ተለዋወጥን አልከኝ። በወንድምህ ስልክ ላይ በዚያ ቀን ከአንተ ጋር የተደረገ ጥሪ የለም። ታዲያ እንደማይመጣ እንዴት አወቅህና ወደ እናታችሁ ሄድክ?»

ታናሽየው አንገቱን ደፋ።

«ሁለት ንጉሥ ይዞ የተበላ ሰው ብለኸኝም ነበር። ያን ዕለት አባባል መስሎኝ አለፍኩት። ዛሬ መረጃው መጣ። ገንዘቡ ሁሉ ያለቀበት የመጨረሻው እጅ ሁለት ንጉሥ ነበር፤ ከንጉሥ የሚበልጠውን ሁለት አስ የያዘ ሰው በላው። ከእኛ መሃል ያንን ካርታ ሊያይ የሚችለው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።»

ታናሽየው በሩን አላየም፣ ለመሸሽም አልሞከረም። ወለሉ ላይ ተቀመጠና፣ ቀስ በቀስ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ እንደሚያወራ እውነቱን አወጣው።

ጨዋታውን ፈጽሞ አልተወም ነበር። መኪናውን አስይዞ የተበደረውን ሁሉ ተበልቷል። እሑድ ጋሼ ዘንድ የመጣው ከጨዋታው ገንዘብ እንዲያበድረው ነው። ጋሼ እንቢ አላለም፤ ዕዳህን አብረን ሄደን እንከፍላለን፣ ለጨዋታ ግን አልሰጥህም አለው። ይህን ብሎ ሊሸኘው ደረጃው አፍ ላይ ሲደርስ፣ እሱ እጅጌውን ያዘው፤ ጋሼ እጁን ሲያስለቅቅ ሚዛኑን ሳተ።

«ወርጄ አየሁት። ይተነፍሳል። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ውሃ ላመጣ ወጣሁ፤ ጠርሙሱ ቆጡ ላይ ነበር። ስክሪኑ ክፍት ነበር። ካርታ ተሰጥቶ የተራው ሰዓት እየቆጠረ ነው። ይቺን አንድ እጅ ብዬ ተቀመጥኩ። አሸነፍኩ። እትዬ፣ ባላሸንፍ ኖሮ እነሳ ነበር።»

ሚስቲቱ ከመደርደሪያው ሥር ተነስታ መጣችና ፊቱ ቆመች። መርማሪዋ ልታግዳት ፈልጋ ተወችው።

«ጠርቶሃል?» አለችው።

ሰውየው ፊቱን ወደ ግርግዳው አዞረ።

«ተኝቶ ሳለ ጠርቶሃል ወይ? ንገረኝ።»

«አንድ ጊዜ ስሜን ጠራ» አለ። «‹መጣሁ ጋሼ› አልኩት።»

ሴትዮዋ አልጮኸችም። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ፣ ስትጠርግ፣ ስትጠርግ ቆየች፤ ሸሪኩ መጥቶ ከእጇ እስኪወስደው ድረስ። ወጣቱ ፖሊስ ታናሽየውን ብብቱን ይዞ አስነሳው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ሴትዮዋን አያት፤ ፖሊሱ ይዞት ወጣ።

«ለእናታቸው ማን ይነግራል?» አለች ሚስቲቱ።

መርማሪዋ ይህ ሥራዋ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ሆኖም ቦርሳዋን አንስታ አብራት ሄደች።

አሮጊቷ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ሐዘንተኞቹ ሄደው ቤቱ ባዶ ነው። ምራታቸውን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉላት፤ ከኋላዋ የቆመችውን እንግዳም በጨዋ ደንብ ወንበር እንድትስብ ጋበዟት። ሁለቱም ሴቶች ከየት እንደሚጀምሩ ሲያጡ፣ አሮጊቷ ዝምታውን በራሳቸው መንገድ ተረጎሙት።

«ትንሹ ልጄስ የት ቀረ?» አሉ ወደ በሩ እያዩ። «እስቲ እንዲበላ አንቺ ለምኚው ልጄ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም።»