የአሥር ብሯ ጆሮ

ኦቦ ገርባ ሱሉልታ ባለው ቤታቸው፣ መኝታ ክፍላቸው ደፍ ላይ በጀርባቸው ወድቀው ሞተው የተገኙት ረቡዕ ጠዋት ነው። ጭንቅላታቸው የድንጋዩን ደረጃ መትቷል። ቀኝ እጃቸው የያዘውን እንደተነጠቀ ሁሉ በግማሽ ተከፍቶ ቀርቷል።

ኢንስፔክተር የሺወርቅ ሬሳውን ተሻግራ ገባች። ጠረጴዛው ላይ የድሮ ብሮች የተሰደሩበት አልበም ተከፍቷል፤ ባዶው አንድ ኪስ ብቻ ነው። አጠገቡ መቀስ አለ። ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር የጥፍር ታህል ባለ ሦስት ማዕዘን ወረቀት አነሳች።

«አልበሙን ሙሉ ትቶ አንዲት ብር የሚወስድ ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

ሬሳውን ያገኘው እውነቱ የሚባለው ተከራያቸው ነበር። ሯጭ ነው፤ ከልምምድ ሲመለስ ነው የደረሰው። የቀበሌው ፖሊሶች ከአሁኑ በክፉ ዓይን ያዩታል።

«የጠፋችው የቷ ናት?» አለችው።

«ባለ ጆሮዋ አሥር ብር። ማተሚያ ቤት ጥጓ ታጥፎ ነው የተቆረጠችው፤ ስትዘረጋ ትርፍ ጆሮ አወጣች። ኦቦ ገርባ ዓይናቸው ስለደከመ የገዢውን መልእክት የማነብላቸው እኔ ነኝ። ‹እስክትሸጥ ለማንም እንዳትናገር፣ ባዶ ተስፋ ክፉ ነው› ብለውኛል።»

ገዢው ዘርሁን ነው፤ ቡራዩ ላይ የድሮ ገንዘብ ይነግዳል። ተጠርቶ መጣ።

«ጆሮዋ ባይኖርስ?» አለችው የሺወርቅ።

«ምን ልሠራባት እመጣለሁ? መሰሏ ቤቴ አርባ አለ! ቅዳሜ ልወስዳት ነበር። የልጅ ልጃቸውን የልብ ኦፕሬሽን በሚሸፍን ዋጋ ተስማምተናል።»

የልጅ ልጃቸው ሲድራ ሰባት ዓመቷ ነው። ግቢው በር ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ቁርስ እንኳ የሰጣት ሰው የለም።

እናቷ ላሊሴ የኦቦ ገርባ አንድ ልጅ ናት፤ እዚሁ ቤት ትኖራለች፤ ጎጃም መንገድ ላይ ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት።

«ጠዋት ለሥራ ስወጣ ደህና ነበሩ» አለች፤ ስታወራ ጣቶቿ የኢንስፔክተሯን ማስታወሻ ደብተር የተተለተለ ጠርዝ ይለቅማሉ። ደንግጣ አቆመች። «ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጠርዙ የተበላሸ ብር ደንበኛ አይቀበልም፤ ሳስተካክል ነው የምውለው።»

«ባለ ጆሮዋን ታውቂያታለሽ፣ ልጄ?» አለቻት የሺወርቅ።

«የተበላሸችዋን? ከሁሉ የሚሳሱላት እሷን ነበር። ልጄ እየሞተችብኝ እንሽጥ ስላቸው ‹ቆይ› ነው መልሳቸው። ሁልጊዜ ቆይ!»

የሺወርቅ ደብተሯን ዘጋች። «መጀመሪያ ልጅቱን ጎረቤት ውሰዱልኝ» አለቻቸው ፖሊሶቹን። «የሚበላ ስጧት። ይኼን መስማት የለባትም።»

ሦስቱን ግቢው ውስጥ ሰብስባ ቁራጯን መዳፏ ላይ አሳየቻቸው።

«ይቺ የብሯ ጆሮ ናት። በመቀስ ተቆርጣለች። ዘርሁን የሚፈልገው ጆሮዋን ነው፤ አይቆርጣትም። እውነቱ መልእክቱን አንብቧል፤ ቢሰርቃት እንኳ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃት ነበር። የቆረጣት ሰው አባትየው ሲሳሱላት አይቶ ውድ መሆኗን ገምቷል፤ ጆሮዋ ግን ዋጋ የሚቀንስ ጉድለት መስሎታል። የተበላሸ ጠርዝ ካየ እጁ አያርፍለትም። ላሊሴ፣ ‹የተበላሸችዋ› ያልሻት አንቺ ብቻ ነሽ።»

ላሊሴ ቦርሳዋን ከፈተች። ብሯ የሲድራ ሕክምና ካርድ ውስጥ ነበረች፤ አራት ጥጓ ቀጥ ብሎ።

«አልመታኋቸውም» አለች። «ሳስተካክላት ደረሱብኝ። ‹አትንኪያት!› ብለው ጮኹ። በሩ ላይ ስደርስ ብሯን ያዙ፣ ነጠቅኳቸው፣ ወደ ኋላ ወደቁ። እንደዚያ ሆና ማን ይገዛታል ብዬ እኮ ነው። ለልጄ ብዬ…»

ዘርሁን ብሯን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሰው የሚገዛው ማተሚያ ቤት ያበላሸውን ነው፤ ቤት ውስጥ የተበላሸውን ማንም አይገዛም። አሁን ተራ አሥር ብር ናት።»

«አባዬ ሊሸጧት ነበር?» አለች ላሊሴ።

«ቅዳሜ» አለ እውነቱ፣ መሬት መሬት እያየ።

ፖሊሶቹ ላሊሴን በካቴና ሲያስሯት ከጎረቤት የሲድራ ሳል ተሰማ። ላሊሴ ካቴና በገባበት እጇ ቁራጯን ከኢንስፔክተሯ መዳፍ አንስታ ከብሯ ጥግ ጋር አጋጠመቻት። ልክ ገጠመች።

«ጋሼ ዘርሁን፣ ብትለጠፍስ?» አለች።