አቋምዎን ያስረዱ

ወይ ጣጣ! ሰው በገዛ ሙያው፣ ያውም በፍቅር፣ ልጁን ይበድላል ብሎ ማን ያስባል? የዚያ ቤት አባወራ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ቤቱ የፈረሰበትን፣ ጡረታው የዘገየበትን ሰው አቤቱታ ሲጽፍ ኖሯል። ጽሑፉ ሁሉ በ«ክቡርነትዎ» ጀምሮ በ«እማጸናለሁ» ስለሚያልቅ የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ክቡርነትዎ» ይለዋል። እቤቱ ገብቶ ሻይ ሲያምረው እንኳ እንደ ሰው «ሻይ ስጪኝ» አይልም፤ «ጉዳዩ፦ ሻይን ይመለከታል» ይላል። ላውንደሪ ስትተኩስ ውላ እግሯ አብጦ የምትገባው ሚስቱ መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ኋላ ግን አንጀቷን ያሳርራት ጀመር።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሒሳብ ለእሷ ጨዋታ ነው። ቢዝነስ ትምህርት ቤት ለመግባት ፈተና ተመዘገበች። እዚያ ግን ሒሳብ ብቻውን አያስገባም። ድርሰት የሚሉት ነገር አለ፤ በድርሰት የወደቀ፣ ሌላው ውጤቱ ሰማይ ቢነካ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አባት ይሄን ሲሰማ ዓመታት ያሠቃየውን ሳሉን ረስቶ ደረቱን ነፋ። «ድርሰት? ድርሰትማ ለእኔ ተዉት! ስሚ ልጄ፣ ደንቡ አንድ ነው። ለትልቅ ሰው ሐሳብ አይነገረውም፤ ይለመናል።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ተዋት! በራሷ ቃል ትጻፍ!» ብትል እናት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ልጅቷስ? ሳል የጨረሰውን አባቷን ማስቀየም አልሆነላትም። የነገራትን ሁሉ እሺ እያለች ሸመደደች።

ፈተናው ላይ የመጣው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ገበያ የቀነሰበት ፋብሪካ ሠራተኞቹን ያሰናብት ወይስ የባለቤቶቹን ድርሻ ይቀንስ? አቋምዎን ያስረዱ።» ታዲያ ያቺ ብልህ ልጅ ምን ብላ ጻፈች? «ክቡራን ፈታኞች ሆይ፣ ጉዳዩን ከእኔ ይልቅ እናንተ ስለምታውቁት እንደ ፈቃዳችሁ እንድትወስኑ በታላቅ ትሕትና እማጸናለሁ!» አይ ልጅነት! ውጤቱ ሲመጣ በሒሳብ ከሁሉ በላይ፣ በድርሰት ከሁሉ በታች ሆነች።

እናት የምትተኩሰውን ሸሚዝ ጥላ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደች። መዝጋቢዋ ፊቷን እንኳ አላከበደችባትም። «እናቴ፣ ሐሳቧን ጠየቅናት፤ እሷ ለመነችን። ነገ አለቃ ስትሆን ማንን ልትለምን ነው?» አለቻት። ደግነቱ፣ በሒሳብ ጥሩ ያመጡ ድርሰቱን አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው እንዲጽፉ ይፈቀድ ነበር።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ሳምንት አባት ሳሉ ጸንቶበት ሆስፒታል ተኛ። እናት ደሟ እንደፈላ ክፍሉ ገባች። «ልጄን ለማኝ አደረግሃት እኮ! አንተ ዕድሜ ልክህን ያጎነበስከው አልበቃ አለህ?» ምነው ቃሉ ካፏ ባልወጣ! ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጁ ስትመጣ ግን የኦክስጅኑን ጭምብል በገዛ እጁ ገለጥ አደረገ።

«ልጄ… ያስተማርኩሽን ተይው። ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ሰው ፊት "እኔ የሚመስለኝ ይሄ ነው" ብዬ አላውቅም። አንቺ የመሰለሽን ጻፊ።»

የድርሰቱ ቀን እናት ልጇን አስገብታ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። ከሆስፒታል ነው። ነርሷ ቃል ስትመርጥ ገና ገባት፤ ክው አለች። የበሩ ዘበኛ ሁኔታዋን አይቶ ጠየቃት፤ ስትነግረው፣ «በይ ልግባና ልጥራልሽ፤ አባቷ ሞቶ እንዴት ትጽፋለች?» አላት።

«ወዮልህ!» አለችና ክንዱን ጨመደደችው። «እንዳትነካት! ትጨርስ!»

ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይሄ? ባሏ እዚያ ብቻውን ይቀዘቅዛል፣ እሷ እዚህ ሻርፗን በጥርሷ ነክሳ፣ ጩኸቷን እየዋጠች ትቆማለች! እንዲህም ያለ እናትነት አለ?

ልጅቷ እየሮጠች ወጣች። «እማዬ! የመሰለኝን ጻፍኩ! የባለቤቶቹ ድርሻ ይቀነስ አልኩ። ሠራተኛ እኮ ቤቱ የሚጠብቀው ሰው አለ፣ የሚያስታምመው አባት አለ… ነይ ቶሎ በይ፣ ለአባዬ ልንገረው!»

እናት የልጇን ክንድ ያዘች። ልጅ የእናቷን ፊት አየች።

«መቼ?»

«አንቺ ስትጽፊ…»

«እያወቅሽ ቆምሽ?»

«እያወቅኩ።»

ልጅቷ የእናቷን ደረት በሁለት እጇ ደበደበች፤ ደበደበችና እዚያው ደረት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ዞር አለላቸው።

ውጤቱ ሲለጠፍ በድርሰት አንደኛ የወጣችው እሷ ነበረች። ሰው ሁሉ እልል ሲል እናት ግን ተናደደች። ዕድሜዋን በሙሉ ስትጨቃጨቀው የኖረችው ሰው ዛሬ የለማ! «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፤ ያደርጋል እንጂ ነገሩ እንዳይጥም» ያሉት ወደው አይደለም። ደስታን ካመጡት አይቀር፣ ምናለ አንድ ሳምንት አስቀድመው ቢያመጡት? ይሄን ማን ይጠየቃል? ማንስ ይመልሳል? ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ባሏ የሰማው የመጨረሻ ቃሏ ያ የሆስፒታሉ ስድብ መሆኑ ነው ዛሬም ድረስ ካውያዋን አስቀምጣ በድንገት የሚያስለቅሳት።