ከቁጥር አንድ በላይ

«ውሸታም አላልኩህም። የአያትህ ጨዋታ ዝርዝሩ ላይ የለም ነው ያልኩህ» አለች ሱንቫ።

ቶኪ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከክፍሉ ወጣ። ልጆቹ ገና እየሳቁ ነበር።

ሱንቫ የፋሮ ደሴቶች ብሔራዊ ቡድን ያደረጋቸውን ጨዋታዎች በሙሉ በአንድ ጥቅል ወረቀት ላይ ስትጽፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል፤ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ውጤት። ቁጥር አንድ እ.ኤ.አ. በ1988 ከአይስላንድ ጋር የተደረገው ነው። ነገ ወላጆች መጥተው ያዩታል። ዛሬ ቶኪ «የኔም አያት ለብሔራዊ ቡድን ተጫውተዋል» ሲል አላስችል አላት።

«በ1988 አያትህ አርባ አራት ዓመታቸው ነው። ምን ሆነው ተጫወቱ? የማዕዘን ባንዲራ?»

ቶኪ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ሳቁ ዋጠው።

ቤት ገብታ ምሳዋን ጀምራ ተወችው። ሒሳብ ልትሠራ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ደግማ ተቀመጠች። በመጨረሻ ጃኬቷን አጥልቃ በነፋሱ ውስጥ ወደ ወደቡ ወረደች።

የቶኪ አያት ሲግመንድ በጀልባ ቤታቸው ውስጥ በረጅም ገመድ በተደረደሩ መንጠቆዎች ላይ ለማጥመጃ የዓሣ ቁራጭ እየሰኩ ነበር።

«ቶኪ የለም» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንቺ ግን እጅሽ ባዶ ነው። ነይ፣ ሰኪ።»

ሰካች። ሦስተኛው መንጠቆ ጣቷን ወጋት።

«አባባ፣ እውነት ለብሔራዊ ቡድን ተጫውተዋል?»

«አንዴ። የጎረቤት ደሴት ልጆች፣ ሼትላንዶች፣ በመርከብ መጥተው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር።»

«ያኔ እኮ ፊፋ ውስጥ አልነበርንም። ሼትላንድም አገር አይደለችም። የዚያን ጊዜ ጨዋታ አይቆጠርም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ከፊት አንድ ጥርስ የላቸውም።

«አውቃለሁ። ይህን ያወለቀው የአጥቂያቸው ክርን ነው። ጨዋታው አልተቆጠረም፤ ጥርሴም ተመልሶ አልበቀለም።»

ሱንቫ መሳቅ ፈለገች፤ አልመጣላትም።

«ስንት ለስንት ወጣችሁ?»

«ተሸነፍን። እኔ ጭንቅላቴ ዞሮብኝ ነበር፣ ከዚያ በላይ አላውቅም። ቶኪ ግን ከድሮ ጋዜጣ ፈልጎ በቃሉ ይዞታል። እሱን ጠይቂው።»

ቶኪን መጠየቅ። ሌላ ማንኛውም ነገር ይቀላት ነበር። ቀሪዎቹን መንጠቆዎች ሰካች፤ ከዚያ እጇ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች።

ወረቀቱ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅሏል። ቁጥር አንድ ጫፉ ላይ ነው፤ ከሱ በላይ አንዲት መስመር እንኳ አትገባም። ሱንቫ ወንበር ላይ ወጥታ እስፒሎቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለች መምህርቷ ቤንታ በሩ ላይ ቆማ። «ትክክል ነበር እኮ።»

«ትክክል ነው። ከላይ ቦታ አልተውኩም እንጂ።»

ወረቀቱን አንድ ክንድ ያህል ዝቅ አድርጋ መልሳ ሰቀለችው። የታችኛው ጫፍ፣ ያለፈው ወር ጨዋታ፣ ወለሉ ላይ ተጠቀለለ። ከላይ ሌላ ንጹሕ ወረቀት ቀጠለች። ቁጥር ሳትሰጠው «ሼትላንድ» ብላ ጻፈች። የውጤቱን ቦታ ባዶ ተወችው።

እስክሪብቶውን ኪሷ ከታ ቶኪን ፍለጋ ወጣች።