የአልፋዋ ፍሬን በሊማሊሞ

ሃብተ ጊዮርጊስን ከሊማሊሞ ገደል በገመድ አወጡት፤ መኪናውን በማግስቱ በክሬን። ሰውየውን ያየ ዳግም ማየት አይፈልግም። መኪናዋ ግን ግራ ጎኗ ከመጨፍለቁ በቀር ቀይ ቀለሟ እንኳ አልደበዘዘም። ደባርቅም፣ ምን ይደረግ፣ ለሰውየው ካለቀሰው ባላነሰ ለመኪናዋ አለቀሰ።

ጊዜው ጥር 1998 ዓ.ም. ነው። አልፋዋ በንጉሡ ዘመን የገባች የጣልያን መኪና ናት፤ አራት በር ያላት፣ የቤት መኪና መስላ እንደ ውድድር መኪና የምትበር። ሃብተ ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲፈታት ሲገጥማት ኖረ። ሞተሯን አሳደሰ፣ አሞርዛተሯን ለወጠ፣ በመጨረሻም የድሮ ፍሬኗን አስወልቆ ከሌላ መኪና የመጣ ዲስክ ፍሬን አስገጠመላት። ዓርብ ተገጠመ። እሑድ አዲሱን ፍሬን ሊሞክር ሊማሊሞን ወረደ፤ ከስምንተኛው ጥምዝ ላይ ተወርውሮ ሞተ።

ምርመራው ለዋና ሳጅን ማንጠግቦሽ ተሰጠ። አባቷ በዚያው ቁልቁለት ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነበር፤ እሷም ከፊደል በፊት የጋለ ፍሬን ሽታ ያወቀች ናት። ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ማንም ቅር ይለዋል ብላ አትመለስም።

ፍሬኑን የገጠመው መካኒክ፣ እንግዳው የሚባለው፣ ታስሯል፤ የታሰረውም ለገዛ ነፍሱ ሲባል ነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም ክንዴ፣ አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው፣ ልቅሶው ድንኳን ፊት ክራንቹን አንስቶ « የወንድሜን ደም ከእንግዳው ሳልቀበል ሱሪ ታጥቄያለሁ አልልም! » ብሎ ምሏል። ዘመዶቹም ጠመንጃቸውን ወልውለዋል። ማስረጃ ካልተገኘ ፍርድ ቤቱ እንግዳውን ማክሰኞ ከሰዓት ይለቀዋል። ከተለቀቀ ደግሞ ጋራዡ በር ድረስ እንኳ አይደርስም። ይህን ማንጠግቦሽ ታውቃለች፤ እንግዳውም ያውቃል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ገዱ የተባለውን የጭነት መኪና ሹፌር ነው።

« ሽቅብ ስወጣ ነው ያገኘኋት፤ » አላት። « ክላክሱን ሳይለቅ ቁልቁል መጣ። ካለፈኝ በኋላ በመስታወት አየሁት፤ የኋላ መብራቱ ቀይ እንደበራ ነው ገደል የገባው። »

« ፍሬን ይዞ ነበር ማለት ነው። »

« እሱማ ይዟል! እሷ አልያዘችለትም እንጂ። »

ማንጠግቦሽ ጣቢያው ግቢ ወደቆመችው አልፋ ሄዳ ፔዳሉን ረገጠች። ድንጋይ ነው። ደግማ ረገጠች፤ ድንጋይ። ቱቦው አልተቆረጠም፣ የፈሰሰ ዘይት የለም። እሑድ ሰው የገደለ ፍሬን ሰኞ ደህና ሆኖ ተገኘ። የትራፊክ ፖሊሱ « ፍጥነት ነው » ብሎ ሊፈርም ብዕሩን ሲያወጣ፣ « መልሰው » አለችውና ወደ እንግዳው ገባች።

« ዓርብ ዕለት እንዴት ነበር የሠራችሁት? »

« እነሱ ግቢ ነው የገጠምነው። ሟቹ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳል ይረግጣል፤ እኔ ጎማ ሥር ተኝቼ ከቱቦው አየር አስወጣለሁ፤ ክንዴ ዘይቱ በጎደለ ቁጥር ይሞላል። ቆሞ የሚሠራው ሥራ ያቺው ስለሆነች ሁልጊዜ የእሱ ናት። »

« ኮፈኑ ተከፍቶ? »

« ተከፍቶ። »

« እንግዲያ ሟቹም አንተም ክንዴን አታዩትም። »

« ምኑን እናየዋለን፣ ሳጅን? እናታቸው እማሆይ እዚያው ጸሎት ሲያደርሱ ይሰማኝ ነበር፤ ሌላ ሰው ዝር አላለም። »

« ዘይቱ በቃችሁ? »

የእንግዳው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ። « ተረፈን እንጂ! ቱቦው ሁሉ ባዶ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ሊትር ሙሉ አይበቃኝም። ያን ዕለት ግማሹ ተረፈ። ክንዴ ቆጣቢ ነው ብዬ ቆርቆሮውን ወደ ጋራዥ መለስኩት። »

ማንጠግቦሽ ይህን የዋህ በጥፊ ማለት አማራት።

የሟቹ ሚስት የሺወርቅ ነገር አልሸፈነችም። « ጠልቻታለሁ። ሰባት ዓመት የእሱ ሚስት እሷ ነበረች። የክንዴ እግር የተቆረጠውም በዚችው መኪና ነው፤ ዳባት መታጠፊያ ላይ ባሌ እየነዳ ገለበጣት። ባሌ ከሆስፒታል ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ መኪናዋ ነው። »

« ዓርብ የት ነበርሽ? »

« ወጥ ቤት። የተቆጣሁት ማታ ነው፤ ለታመመች ልጄ ያስቀመጥኩት ጠበል ጀሪካኑ ውስጥ ጠብታ አልቀረውም። እማሆይ ናቸው የወሰዱት። »

እማሆይ አመተ ማርያም የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞት የመነኮሱ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ማንጠግቦሽን በእጃቸው ዳብሰው ነው ያስቀመጧት።

« ቁልቁለት ሊወርድ ነው ሲሉኝ ጠበሉን ራሴ አፈሰስኩለት። ታዲያ እንዴት አልጠበቀውም፣ ልጄ? ምን በድዬ ነው? »

ማንጠግቦሽ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ወጥታ ከቤቱ ጓሮ ብቻዋን ቆመች። መልሱን አውቃዋለች፤ ማወቋንም ጠላችው። አንድ ንጹሕ ሰው ለማትረፍ ይህችን አሮጊት በቁም መግደል ሊኖርባት ነው።

ማክሰኞ፣ በሠልስቱ፣ እንግዳውን በሁለት ፖሊስ አስይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ጠመንጃ ሁሉ ውጭ እንዲቀመጥ አዘዘች። ከዚያ የከሰል ምድጃ አስመጥታ ሁለት ጣሳ ጣደች።

« እማሆይ፣ እርስዎ ወደ ቤት ቢገቡ። »

« የምትናገሪው የልጄን ነገር ነው። የትም አልሄድ። »

« እሺ። በዚህኛው ጣሳ ያለው ከእንግዳው ቆርቆሮ የተረፈው የፍሬን ዘይት ነው። በዚያኛው ያለውን ከአልፋዋ የፊት ጎማ ፍሬን ነው የቀዳሁት። »

ብዙም ሳይቆይ የአልፋዋ ጣሳ ተንተከተከ። ሌላው ጸጥ እንዳለ ነው።

« ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲደጋገም ይግላል። ንጹሕ ዘይት ሙቀቱን ይችለዋል። ውሃ ከገባበት ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉ ቢረገጥ እንፋሎቱ ይጨመቃል እንጂ ጎማ አይዝም። ሲበርድ ተመልሶ ውሃ ነው። እሑድ የከዳው ፍሬን ሰኞ የጠነከረው ለዚህ ነው። ደባርቅ ሜዳ ላይ ቢነዳት ምንም አይሆንም ነበር። ይህ ለሊማሊሞ የተሰናዳ ሞት ነው። »

« እንግዳው ነዋ! » አለ ክንዴ።

« የእንግዳው ዘይት አልፈላም። ውሃው እስከ ጎማው የሚደርሰው ዓርብ አየሩ ሲወጣ ከተጨመረ ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር ዘይት የተረፈውም ቦታውን ውሃ ስለያዘው ነው። እንግዳው ጎማ ሥር ነበር፤ ሟቹ ከኮፈኑ ወዲያ። ዘይቱ ጋ የቆምከው አንተ ነህ። »

ክንዴ ሳቀ። « ከቆርቆሮ በቀር ምን ይዤ ነበር? »

« ምንም። ውሃው የነበረው በሌላ ሰው እጅ ነው። » ድምፅዋ ዝቅ አለ። « እማሆይ፣ ጠበሉን እዚያ ያፍስሱ ብሎ ያሳየዎት ማን ነው? »

አሮጊቷ ገባቸው። ሲገባቸው ፊታቸውን ሁሉም አየ፤ ዓይኑን ያሸሸ አልነበረም፤ ለቀስተኛ እንዲህ ያለውን አያሳልፍም።

« ማንም፤ » አሉ። « ብቻዬን ነኝ። እኔው ነኝ። »

አንዱን ቀብረዋል፤ የቀረውን ሊያተርፉ ነው። ማንጠግቦሽ ከአልፋዋ የፈታችውን የፍሬን ዘይት ማስቀመጫ አወጣች። አፉ ከአውራ ጣት አይሰፋም። ከአንድ ጠርሙስ ውሃ ጋር እጃቸው ላይ አኖረችው።

« እንግዲያ ይሙሉልኝ። »

እማሆይ አፈሰሱ፤ ውሃው ጉልበታቸው ላይ ወረደ። ደገሙ፤ ምንጣፉ ላይ ወረደ። በሦስተኛው የማስቀመጫውን አፍ በጣታቸው ይፈልጉ ጀመር።

« ይብቃ! » አለ ክንዴ። « እጇን ይዤ ያስፈሰስኳት እኔ ነኝ። ነፍሱን የሚጠብቀው እዚህ ጋ ነው አልኳት። እሷን መኪና ሰባት ዓመት ጠገናት፤ እኔን አንድ ቀን ያምሃል ወይ አላለኝም። ጭራሽ እግሬን ለቆረጠችው መኪና ቆሜ ዘይት እንድሞላላት አደረገኝ። »

« እንግዳው ምን አደረገህ? » አለች ማንጠግቦሽ።

« ምንም። መካኒክ ነው፤ ፍሬን ሲከዳ የሚጠየቅ እሱ ነው። »

እማሆይ በእርጥብ ቀሚሳቸው ወደ ድምፁ ዞሩ። « ክንዴ፣ የተቆረጠው እግርህ ነው። እጅህ ደህና አልነበር? ለምን በእኔ እጅ? »

« እግሬ ገና ሳይቀበር "ወንድምህ ነው፣ ይቅር በለው" ያልሽኝ አንቺ ነሽ። »

ወሰዱት። እንግዳውን ፈቱት፤ ከዘመዶቹ አንድም ይቅርታ ያለው የለም፤ እሱም አልጠበቀም።

« እኔንም ውሰጂኝ፤ » አሉ እማሆይ።

« እርስዎን ሕግ አይጠይቅዎትም። »

« ታዲያ ማን ነው የሚጠይቀኝ? »

ማንጠግቦሽ ማስቀመጫውን ከጭናቸው ላይ አነሳች። ሦስት ቀን ሙሉ እጃቸውን ይዛ ከጎናቸው የተቀመጠችው የሺወርቅ እጃቸውን ለቀቀች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳችና ከድንኳኑ ማዶ ሄዳ ተቀመጠች።