የዘጠነኛው ሕግ ስድስት ቃላት

ነገሥታት ሁሉ ከሚምሉበት ከአርሙና የሕግ ዐለት ላይ አንድ ማለዳ ዘጠነኛው ሕግ ጠፍቶ ተገኘ። ስድስት ቃላት ነበሩ፦ «ማንም ሰው ያመነውን ያምልክ፤ ማንም አይገደድ።» ሳምንት ሳይሞላ የወንዝ አምላኪዎች መቅደስ ተዘጋ። ከአምላኪዎቹ አንዱ፣ ድንጋይ ጠራቢው ዘሪም፣ በፀሐይ ስም አልምልም በማለቱ ታሰረ።

የዘሪም ልጅ ሳሙር አባቱን ለማስፈታት ንጉሡ ፊት ቀረበ።

«እኔም የዐለቱ አገልጋይ ነኝ፣ ልጄ፤» አሉ ንጉሥ ኤልናት በሐዘን። «ያልተጻፈውን ማስከበር አልችልም። በዐለቱ ላይ የጻፍከው ሁሉ ግን ይከበራል።»

«እንግዲያው በሕይወቴ እምላለሁ፤ እጽፈዋለሁ!»

ያን ዐለት የሚበሳው በጉምዳር ተራራ ባለክንፉ ዘንዶ ኡራት የሚጠብቀው መሮ ብቻ ነበር። ንጉሡ የፀሐይ መቅደስ ዘብ የሆነውን ገርዳንን አብሮት ላኩ። ሁለቱ የጨው ሸለቆውን አቋረጡ፤ አውሎ ነፋስ ሲይዛቸው ነፋስን የሚያመልኩ ዘላኖች በድንኳናቸው አስጠለሏቸው። በሰባተኛው ቀን ዘንዶው ፊት ቆሙ።

«መሮው ዋጋ አለው፤» አለ ኡራት። «ለእያንዳንዱ ቃል የጠራቢው አንድ ጣት ይደርቃል።»

ሳሙር እጁን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ መሮውን ተቀበለ።

ዐለቱ ዘንድ ሲመለሱ ገርዳን ክንዱን ያዘው። «አንተ ግትር! ‹ወንዝም ይመለክ› ብለህ ጻፍ። በሁለት ጣት አባትህ ይፈታል።»

«ያስጠለሉን የነፋስ ሰዎችስ? ነገ እነሱ ሲታሰሩ የማን ጣት ይድረቅ?»

ሳሙር መጥረብ ጀመረ። በአምስተኛው ቃል ቀኝ እጁ እንደ ጭራሮ ደረቀ፤ ግራ እጁ መሮውን ማቅናት አቃተው። ገርዳን መሮውን ወሰደ።

«ተው፤ አንተን ማን አስገደደህ?» አለ ሳሙር።

«ከጉዟችን በፊት ሰው እየጎተትኩ የፀሐይ መቅደስ አስገብቻለሁ። ጸሎታቸውን ሰምቼዋለሁ፤ ጸሎት አይመስልም። ፊደሉን ንደፍልኝ።»

ሳሙር በግራ እጁ በከሰል ነደፈለት። ገርዳን ጥርሱን ነክሶ የመጨረሻውን ቃል ጠረበ።

ንጉሡ ሕጉን ጮክ ብለው አነበቡ፤ ወህኒው ተከፈተ። ዘሪም የልጁን የደረቀ እጅ በደረቱ ላይ ይዞ ጥቂት አለቀሰ። ከዚያ በዐለቱ ላይ መዳፉን አሳለፈ።

«አምስቱ የልጄ ናቸው። ይህን የጠመመውን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ፤» አለ ገርዳን። «ይቅርታ፤ ከጦር በቀር ይዤ አላውቅም።»

ዘሪም የዘቡን የደረቀ ጣት በሁለት እጁ ያዘ።

«ያን የጠመመ ቃል ማንም እንዳያቀናው፤» አለ።