ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

ሌላ ሰው ፍቅር የሚይዘው አምሮበት፣ ሽቶ ተቀብቶ ነው። እኔን የያዘኝ አዳር ሠርቼ ወጥቼ፣ ዓይኔ በርበሬ መስሎ፣ ጎማ በሌለው መኪና መሪ ላይ ተደፍቼ ሳንቀላፋ ነው።

መኪናዋ የወንድሜ ናት። ወንድሜ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጥርስ ሲነቅል ይከርምና ቅዳሜ ሲሆን ቱታውን ለብሶ ብሎን ይነቅላል። ጓሮው ውስጥ በቆርቆሮ የሠራት ጋራዥ አለችው። እዚያ ውስጥ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ መኪና በድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ «ዘንድሮ ትነሣለች» ይላል በየዓመቱ። ሚስቱ ደግሞ «እሷ ከምትነሣ ሙታን ቢነሡ ይቀላል» ትለዋለች።

እኔ እዚያ የምሄደው ለመተኛት ነበር። ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ከዳቦ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። የመኪናዋ የፊት ወንበር ግን እንደ አልጋ ነበር። ያን ቀን ወንድሜ ትከሻዬን ነቅንቆ ቀሰቀሰኝና «ፍሬኗን እየሠራን ነው። ስልክ አናግሬ እስክመለስ እግርሽን እዚህ ፔዳል ላይ አድርጊልኝ፤ የሚልሽን ብቻ አድርጊ» ብሎኝ ሄደ። ማን እንደሚለኝ አልነገረኝም።

«ርገጥ» አለ ከመኪናው ሥር አንድ ድምፅ።

ረገጥኩ።

«ደግመህ። ያዝ። ያዝ እንጂ... እሺ፣ ልቀቅ። ምን ሆነሃል ዛሬ? እግርህ የሴት እግር መሰለ።»

«የሴት ስለሆነ ይሆናላ» አልኩት።

ከሥር አንድ ረጅም ሰው በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ። ግማሽ ፊቱ ዘይት ነው። መጀመሪያ ነጩን የሆስፒታል ጫማዬን አየ፤ ቀጥሎ ቀና ብሎ እኔን።

«ይቅርታ፤ ሐኪሙ መስለሽኝ ነው።»

«እኔ ነርሷ ነኝ» አልኩት። ፈገግ ሲል ከዘይቱ መሐል ጥርሱ ብቻ በራ።

አስተርጓሚ ነው፤ ፍርድ ቤት። ተከሳሹ ያለውን ለዳኛው፣ ዳኛው ያሉትን ለተከሳሹ ሳይጨምር ሳይቀንስ ሲያመላልስ ይውላል። ለምን ቅዳሜውን ዘይት ውስጥ እንደሚያሳልፍ ስጠይቀው «አምስት ቀን የሰው አፍ ሆኜ እውላለሁ። እዚህ ማንም ምንም አይለኝም» አለኝ። ድካሙ ከእኔ ድካም ጋር እንደሚተዋወቅ ያኔውኑ ገባኝ።

ሥራውን ላስረዳችሁ። ፍሬን ውስጥ አየር ከገባ ፔዳሉ ይልፈሰፈሳል፤ መኪናው አይቆምም። አየሩን ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይረግጣል፤ ሌላው ጎማው ቦታ ላይ ተጋድሞ አንዲት ትንሽ ብሎን ይከፍታል። ዘይቱ ከነአረፋው ወደ ጠርሙስ ይወጣል። ከዚያ ብሎኗን ይዘጋል፤ ከዘጋ በኋላ ብቻ «ልቀቂ» ይላል። ሳይዘጋ ካስለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባና የተለፋው ሁሉ ገደል ይገባል።

አሮጊቷ መኪና ደግሞ በአንድ በኩል ሲደፍኗት በሌላ በኩል ታፈስሳለች። ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፍሬን ነው። ወንድሜ ከቦታው ተነሣና የፔዳሉ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ። ለወራት ያወራነው አብዛኛው ይኼው ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አንድ ቀን ገና አንዴ እንደረገጥኩ ከሥር «ዛሬ ሰው ሞቶብሻል?» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«እግርሽ ከብዷል።»

«አንድ ሽማግሌ። እጄን እንደያዙ ነው የሄዱት።»

«ይብቃን። መኪናዋ የትም አትሄድም» አለና ወጣ። እጁን በዱቄት ሳሙና ሁለቴ ታጥቦ ሻይ ቀዳልኝ። ኩባያውን እጀታው ወደ እኔ እንዲሆን አዙሮ ሰጠኝና ጎኔ ተቀመጠ። አይዞሽ አላለኝም። ሁልጊዜ አይዞሽ እየተባለና እያለ ለሚውል ሰው ያ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ልነግራችሁ አልችልም።

ወደድኩት። ምን አዞራችኋለሁ፣ ወደድኩት። እሱም ሻይዬን ጨርሼ ስነሣ የሚያየኝን አስተያየት አውቀዋለሁ። ግን የሰው ቃል ሲያመላልስ የኖረ ሰው የራሱን የት እንዳስቀመጠው ጠፍቶበት ነበር። እኔም ብሆን ልጠይቀው አቅም አልነበረኝም።

እንዲህ እያለን እናቴ ወደቀች። ሩቅ ከተማ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ወንድሜ ሚስትና ልጆች አሉት። እኔ ላጤ ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ ሴት ልጅ ነኝ፤ ሁሉም ጣት ወደ እኔ ተቀሰረ። እርግጥ እናቴ «ጎረቤቶቼ ይበቁኛል፤ ለእኔ ብለሽ ሥራሽን እንዳትተዪ» ብላኛለች። እዚያ ያለው ሆስፒታል ግን ቦታ አለን አለና እስከ ሰኞ መልስ ፈለገ። መሄድም እችላለሁ፣ መቅረትም እችላለሁ። የምፈልገው አንድ ሰው ቅሪ እንዲለኝ ነበር።

ቅዳሜ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ጥግ ላይ ቆሞ በግራይንደር ብረት ይሞርዳል፤ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። አስተርጓሚውን ፊት ለፊት እያየሁ መናገር ስላልቻልኩ መሪውን እያየሁ ለመናገር ወሰንኩ።

«ርገጪ» አለኝ። ረገጥኩ። «ያዢ» አለኝ። ያዝኩ።

«እናቴ ያለችበት ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ» አልኩት። «እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። እዚህ ያለውን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? አንተ ምን ትላለህ?»

ግራይንደሩ ይጮኻል። እግሬ ፔዳሉን እንደያዘ ነው። ከሥር፣ ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፦

«ልቀቂ» አለኝ።

እግሬን አነሣሁ፤ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ሰኞ ሥራዬን ለቀቅኩ።

ከዚያ በኋላ ጋራዡ ድርሽ አላልኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳቦ ቤቱ በላይ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። እሱ አንዴ ደወለ፤ አላነሣሁም። ደግሞ አልደወለም። ከሥራው በላይ የሚያደክም ነገር አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ አንድን ቃል ቀንና ሌሊት ማመንዠክ ግን ያደክማል።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ወንድሜ ዕቃ ሊያስርልኝ መጣ።

«ሰውዬው ምን አድርጎሽ ነው?» አለኝ። «ስምሽ ሲነሣ መፍቻው ከእጁ ይወድቃል።»

ነገርኩት። ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያልበው ሳቀ።

«አንቺ ሴት፣ ጤናም የለሽ? ፔዳሉን ልቀቂ ነው ያለሽ! በዚያ ጩኸት መሐል እኔ እንኳን የአንቺን የራሴንም ድምፅ አልሰማም ነበር።»

ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። አልሰማኝም። ደግሜ ብጠይቀው ሌላ መልስ ይሰጠኛል ብዬ፣ እንደ ልጅ እጄን አፌ ላይ አድርጌ አብሬው ሳቅሁ።

«ለነገሩ እሱም ያን ቀን ልቡ እዚያ አልነበረም» ብሎ ቀጠለ ገመዱን እየጎተተ። «አንቺ ከወጣሽ በኋላ ፔዳሉን ብረግጠው ወለል ነካ። አየር ብቻ። ብሎኗን ሳይዘጋ ነው ያስለቀቀሽ። እሱ እኮ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቶ አያውቅም።»

ሳቄ ቆመ። ብሎኗ ክፍት ሆና ልቀቂ ያለ ሰው ስለ ፔዳል አልነበረም የሚያወራው። ሰምቶኛል ማለት ነው። ወንድሜ አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሄድኩ። ወንድሜ መለዋወጫ ሊገዛ ወጥቷል። አስተርጓሚው የተገለበጠ ጎማ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከስቷል፤ የቱታው ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል። ሲያየኝ ሊነሣ አለና መልሶ ተቀመጠ።

«ከግራይንደሩ ጩኸት የተነሣ አልሰማሽም ብሎኛል ወንድሜ» አልኩት።

አዎ ቢለኝ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጨርቅ አንሥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።

«ሰምቻለሁ» አለኝ። «ሥራዬ መስማት ነው።»

«ታዲያ እንዴት አስቻለህ?»

«እናቴ የታመመች ጊዜ እዚህ ነበርኩ። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል ቀበሯት። ቅሪ ብልሽ ትቀሪ ነበር። በእኔ ምክንያት እንደ እኔ እንድትሆኚ አልፈለግኩም።»

ይኼ ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር። አናደደኝ።

«እናቴ አትምጪ አለችኝ፤ ለእኔ ብላ። ወንድሜ ሂጂ አለኝ፤ ለእሷ ብሎ። አንተ ልቀቂ አልከኝ፤ ለእኔና ለእሷ ብለህ። ሁላችሁም ለሰው ብላችሁ ነው የምትናገሩት። እኔ ደክሞኛል፣ ይገባሃል? ለራሱ ብሎ አንዲት ቃል የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።»

ጨርቁን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ለራሴ ብዬ ብናገር ትቀሪያለሽ?»

«አልቀርም። ነገ እመጣለሁ ብያታለሁ፤ አልጋዬን አስነጥፋ እየጠበቀችኝ ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም። ብቻ በለው።»

ተነሣ። ዳኛ ፊት የስንት ሰው ቃል ያመላለሰ ሰው፣ ለራሱ ሲሆን ሁለቴ ጀምሮ ተወ። ዘይት የነካው እጁ ልብሴን እንዳያቆሽሽ ወደ ኋላ ይዞት ነበር፤ ጎትቼ ያዝኩት።

«አትሂጂ» አለኝ። «እባክሽ አትሂጂብኝ።»

ደረቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ስንት በሽተኛ ሲሞት ያልወጣ እንባ ሁሉ አብሮ ወጣ። እሱም አጥብቆ ያዘኝ፤ ወንድሜ በሩን ከፍቶ፣ አይቶን፣ ቀስ ብሎ መልሶ እስኪዘጋው ድረስ።

በማግሥቱ ጠዋት ሄድኩ። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት መንገዱን ሙሉ ዓይኔን ስጠርግ አይተው አላስቻላቸውም።

«ሰው ትተሽ ነው ልጄ?»

«አይ እናቴ» አልኳቸው። «ሰው አግኝቼ ነው።»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አጣጥፈው መስኮቱ ላይ አስደገፉልኝ። እስክንደርስ ተኛሁ።